ርካሽ ሰንጢ

የሐረሩ ፈረስ መጋላ ቀድሞ የፈረስ ገበያ ነበረ፤ ገዢ ጥርሱን ሳያይ ፈረስ አይገዛም ነበር። እኔ ግን በዚያው አደባባይ መልኳን ብቻ አይቼ አንዲት ርካሽ ሰንጢ ገዛሁ። ሎሚ ስቆርጥባት ስለቷ ታጥፎ ጣቴን በላኝ።

አንድ አዛውንት ቀጥቃጭ ዘንድ ወሰድኳት። ከፍተው ስለቷን ግራና ቀኝ ነቀነቁት፤ የማጠፊያዋ ምስማር ላልቷል። በሞረድ ነኩት፤ እንደ ቆርቆሮ ተፋቀ።

«ግሎ ውሃ የገባ ብረት ሞረድ ያንሸራትታል፤ የዚህችስ ላይዋ ብቻ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከመኪና ባሌስትራ የሠሩትን ጥቁር ቢላዋ ሞረዱ ተንሸራተተበት።

በልጅነቴ «ቡዳ ነው፤ ከቀጥቃጭ ደጅ አትቁም» ተብዬ አድጌአለሁ። በቢላዋቸው እየበላን ባለእጆችን የናቅን እኛው ነን። ፍርዳችንም እንደዚያች ሰንጢ ነበረ፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ማጠፊያው ልል ነው።