የልጆቻችን ግቢዎች፤ ከስድስት ኪሎ እስከ አርባ ምንጭ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ሰሞን በጦር ሰፈር ውስጥ የሚደረገው ጭውውት ሁሉ መልኩን ይለውጣል። ስለ ዝውውርና ስለ ጤፍ ዋጋ ሲወራበት የነበረው የቡና ሰዓት ስለ ዩኒቨርስቲ ብቻ የሚወራበት ይሆናል። ውጤት የቀናቸው ልጆች እናቶች በምርጫው ቅጽ ላይ ማንኛውን ግቢ አንደኛ፣ ማንኛውን ሁለተኛ አድርገው እንደሚያስሞሉ እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ። አባት በግዳጅ ላይ ከሆነ ምላሹ በተቆራረጠ የስልክ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፤ ምላሹም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «አዲስ አበባ ሙሉ» የሚል።

ይህን ምላሽ አናቃልለውም። ፈተናው በየዩኒቨርስቲው ቅጥር ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከተፈተኑት መካከል ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ልጁ ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ የሆነለት አባት ትልቁን ስም ቢመኝለት የሚነቅፈው አይኖርም። ነገር ግን ወታደር ሊሰፍርበት ስላሰበው ቦታ ሲጠይቅ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ፣ መንገዱ በክረምት ያስገባ እንደሆነ ሳያጣራ አይንቀሳቀስም። ይኸው ሰው ልጁ 4 ወይም 5 ዓመት ስለሚኖርበት ቦታ ሲሆን ግን ስሙን ብቻ ጠይቆ ያበቃል። በሥራ ምክንያት በተለያዩ ጊዜያት ሦስት ግቢዎችን ለማየት ዕድል ስላጋጠመን፣ ያየነውንና የታዘብነውን ለዚህ የቤተሰብ ዓምድ አንባብያን እናካፍላለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ስድስት ኪሎ። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ከቆመበት አደባባይ አጠገብ ያለውን በር አልፎ የገባ ሰው፣ ረጃጅም ዛፎች ያጠሉበት ጸጥ ያለ ግቢ ያገኛል። ከመካከሉም የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይታያል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚሁ ቅጥር ውስጥ ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት የቆመውና ወደ የትም የማያደርሰው ደረጃ ፋሺስቶች የአገዛዛቸውን ዓመታት አንድ በአንድ እየቆጠሩ የሠሩት ነበር፤ ዛሬ በጫፉ ላይ አንበሳ ተቀምጦበታል። ይህን ደረጃ ቆሞ ያላየ ወታደር አዲስ አበባን አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርስቲ ኮሌጅነት የተጀመረው ትምህርት ቤት ይህን ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ በስጦታ ተቀበለ፤ አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በውስጡ ይገኛል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ሳይቀር እንደነበረ ተጠብቆ ይታያል።

ስለ ክብሩ ይህን ያህል ካልን ስለ ኑሮው እንናገር። «አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ገባ» ማለት «ስድስት ኪሎ ገባ» ማለት አለመሆኑን ብዙ ወላጆች አያውቁም። የተፈጥሮ ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ምሕንድስናው አምስት ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ፣ የእንስሳት ሕክምናው ደግሞ ቢሾፍቱ ነው። ከዚህም ሌላ ዩኒቨርስቲው ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ራስ ገዝ በመሆኑ፣ አገባቡና ክፍያው ሌሎቹ ግቢዎች ከሚከተሉት ሥርዓት ሊለይ እንደሚችል አውቆ፣ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ከራሱ ከሬጅስትራሩ ቀርቦ መጠየቅ ያስፈልጋል። ትናንት ልጁ የገባለትን ጎረቤት መጠየቅ አይበቃም።

ከዚያ ሁሉ በላይ ልብ ያልነው የቅዳሜውን ከሰዓት ነው። አርብ ማታ የከተማው ልጆች የሚታጠብ ልብሳቸውን በሻንጣ ይዘው ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ከሩቅ የመጣው ልጅ ብቻውን ከተደራራቢው አልጋ ላይ ይቀራል። በታክሲና በፎቶ ኮፒ የሚያልቀው ገንዘብ እናቱ ቆጥራ የላከችው ነው፤ ከበሩ ውጭ ያለው ከተማ ደግሞ ያለማቋረጥ «ና፣ አውጣ» ይለዋል። በአንጻሩ መጻሕፍት ወዳድ ለሆነ፣ ሕግ ወይም ታሪክ ለማጥናት ለቆረጠ ልጅ የዚህን ግቢ ቤተ መጻሕፍት፣ በዙሪያው ያሉትን የአሮጌ መጻሕፍት መደብሮችና በከተማው የሚሰጡትን ንግግሮች የሚተካ ስፍራ በሀገራችን አላየንም። እንዲህ ላለው ልጅ የቅዳሜው ብቸኝነት ጥቅም እንጂ ጉዳት አይሆንበትም።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ። በድሬዳዋ በኩል የሄደ ሰው ከሞቃቱ ሜዳ ተነሥቶ በጠመዝማዛው የደንገጎ አቀበት ሲወጣ አየሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ ጆሮው ይደፈናል፤ ማሽላና ጫት በእርከን ላይ ተደርድረው ይቀበሉታል። የሐረማያ ዩኒቨርስቲ የሚገኘው በዚህ ደጋ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ፣ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ነው። ድሮ ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ይባል በነበረበት ጊዜ ያቋቋሙት አሜሪካውያን ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን ነበሩ። የግቢው ስፋትና ግብርና ተኮርነቱ ዛሬም የዚያን አመሠራረት ይመሰክራል። የእንስሳት በረት፣ የሙከራ ማሳ፣ የወተት ላም በግቢው ውስጥ አሉ፤ ተማሪው ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ጭቃ ረግጦ ይመለሳል።

ስሙን ያገኘበት ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ፣ በጎች የሚግጡበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ለመስኖና ለከተሞች የተሳበው ውሃ፣ ከኮረብታው የታጠበው ደለልና የዝናቡ እጥረት ተባብረው ያደረሱት ጥፋት ነው። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ ወፎች ሲያርፉበት ታይቷል። ስለ አፈርና ስለ ውሃ የሚማር ተማሪ ከመስኮቱ ሆኖ የሚያየው የመማሪያ መጽሐፉን ነው ማለት ይቻላል፤ ይህን ዕድል የሚሰጥ ግቢ ብዙ የለም።

የስምን ነገር የሚያነሣ አባት ካለ ስለ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እንንገረው። በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል ከምትገኝ ከወሎንኮሚ ገጠር የተነሡት እኒህ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙት በዚሁ በዓለማያ ነው። በኋላ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርስቲ አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በማሽላ አገር ማሽላ የተማረ ሰው የደረሰበትን ከፍታ ልብ ይሏል።

ወደ ድክመቱም እንምጣ። ከግቢው ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ አወዳይ የሚባል ታላቅ የጫት ገበያ አለ። ሰው የማይጠፋበት፣ መኪና ሌትና ቀን የሚጫንበት ቦታ ነው። ከቤቱ ርቆ በማያውቅ ወጣት ዙሪያ ጫት በርካሽና በሰፊው ሲገኝ «የጥናት ጓደኛ» እየተባለ በመልካም ስም እንደሚቀርብለት ወላጅ አስቀድሞ ሊያነጋግረው ይገባል። በሌላ በኩል ደግሞ ከተማው ራቅ ያለ ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ ሁሉም ተማሪ በግቢው ይውላል። ኳሱ፣ ክበቡ፣ የቡና ማኅበሩ፣ ሰልፍ ይዞ የሚጠበቀው እራት ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ ነው። የሚያኮርፍም የሚታረቅም እዚያው ነው። የሕክምና ተማሪዎች ግን ሐረር ከተማ እንደሚማሩ መታወስ አለበት።

ሦስተኛው ግቢ ወደ ደቡብ ነው። አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ስለሚወርድ ደገኛው ተጓዥ ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ኮቱን ያወልቃል። አባያና ጫሞ የተባሉት ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተው፣ በመካከላቸው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ኮረብታ ተዘርግቶ፣ ከሥር የሙዝ እርሻ፣ ከኋላ የጋሞ ተራሮች ሲታዩ ዓይን የቱን እንደሚይዝ ይቸገራል። ዩኒቨርስቲው በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተከፈተ፤ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርስቲ ሆነ። በዕድሜ ከሌሎቹ ያንሳል። ይሁን እንጂ በሀገሪቱ የግድብ፣ የመስኖና የመጠጥ ውሃ ሥራዎች ላይ የተሰማሩትን መሐንዲሶች «የት ተማራችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የዚህን ግቢ ስም ደጋግሞ ይሰማል። ስሙ በአጠቃላይ ያልገነነ ትምህርት ቤት በአንድ ሙያ አንደኛ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

ስለዚህ ግቢ ስናወራ የሰማች አንዲት የሃምሳ አለቃ ባለቤት «መቶ አለቃ፣ እርስዎ አገሩን አይተውታል፤ ልጄ የውሃ ምሕንድስና እያለች አርባ ምንጭን ትጠራለች። አባቷ ደግሞ አዲስ አበባ ካልሆነ ብሏል። ወባው አይገድልብኝም?» ብላ ጠየቀችን። ወባ መኖሩን አልደበቅናትም። አጎበር አንጠልጥሎ መተኛት፣ ትኩሳት በተሰማ ዕለት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ክሊኒክ መሄድ እንደሚያስፈልግ ነገርናት። ቀጥለንም ልጅቷ እስካሁን ስንት ትምህርት ቤት እንደቀያየረች ጠየቅናት። እናት በጣቷ ቆጠረች፤ አምስት ሆነ። አባት በተዛወረ ቁጥር ልጅቷም ተዛውራለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የጦር ሰፈር ልጅ ከሌላው ልጅ የሚለየው በዚህ ነው። ኦሮምኛውንም ትግርኛውንም ወላይትኛውንም ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወት ለምዷል፤ በመሆኑም ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰቡ ስድስት ሰባት ልጆች ባሉበት ዶርም ውስጥ እንግድነቱ አንድ ሳምንት አይቆይም። ነገር ግን «ነገ እንሄዳለን» እያለ ስላደገ ጓደኛ መያዝን እንጂ ጓደኛ ማቆየትን አልተማረም። እንዲህ ያለው ልጅ ሰዉ በየሳምንቱ መጨረሻ የሚበተንበት ግቢ ሲገባ ይደበቃል፤ ሁሉም አብሮ የሚውልበት ግቢ ግን በግድም ቢሆን ሰው ያደርገዋል። ለሴት ልጅ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ ማታ መብራት ያለው መሆኑ ከማናቸውም የዩኒቨርስቲ ስም ይበልጣል። ይህን የሚያውቁት እዚያው ያሉ ሴት ተማሪዎች ናቸው፤ በሰፈሩ ውስጥ ለዕረፍት የመጣች አትጠፋምና ቡና ተጋብዛ ትጠየቅ።

አንድ ነገር እንጨምር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት የጋራ በመሆኑ፣ ልጁ ዩኒቨርስቲ ሲገባ የሚማረውን ሙያ ገና አልያዘም። የትምህርት ክፍሉን የሚያገኘው ከገባ በኋላ በሚያስመዘግበው ውጤት ተወዳድሮ ነው። ስለሆነም ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ልጆች ሁሉ ወደ አንድ ግቢ ሲጎርፉ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ተፈላጊውን ክፍል ለማግኘት የሚደረገው ሽሚያ ይብሳል። ሙያውን አስቀድሞ የመረጠ ልጅ ስሙን ፈልጎ ገብቶ ሙያውን ሊያጣ ይችላል። የሃምሳ አለቃው ልጅ ውሃን ፈልጋ ከሆነ፣ የውሃ ክፍሉ ሰፊና አንጋፋ ወደሆነበት መሄዷ ስሌቱ ትክክል ነው። ሙያዋን ገና ያልለየች ብትሆን ኖሮ ግን ብዙ ዓይነት ትምህርት ያለበትን አዲስ አበባን መምረጥ ይሻላት ነበር፤ አባትየው በዚያ በኩል አልተሳሳቱም። ይህንኑ በስልክ እንዲነጋገሩበት እናትን መከርናት።

ምደባው የሚመጣው ከትምህርት ሚኒስቴር በመሆኑ፣ የተጻፈው ሁሉ አይገኝም። ቢሆንም ቅጹ ላይ የሚሰፍረው ተራ ቁጥር ለይስሙላ አይሞላ፤ ውጤቱ ከፍ ያለ ልጅ አንደኛ ያለውን ማግኘቱ የተለመደ ነውና፣ ሳይታሰብ የተጻፈ ስምም እንደዚሁ ይደርሰዋል።

ስለ ጉዞው ደግሞ፦ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ሐረማያ የሚሄድ ልጅ ብርሃን ሳለ እንዲደርስ ማለዳ ይነሣ። ለድሬዳዋው መንገድ ባቡርም ስላለ የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ለስድስት ኪሎ ጋቢና ወፍራም ካልሲ፣ ለሐረማያ ሹራብና ለጭቃው የሚሆን ጫማ፣ ለአርባ ምንጭ አጎበርና ቀላል አንሶላ ይያዝ። በሶና ዳቦ ቆሎ ለሦስቱም ይሆናል። የሻንጣው ቁልፍ ሁለት ይሁን፤ አንዱ እናት ዘንድ ይቅር።