ለሐኪም መንገር ለመንደር መንገር አይደለም

በቁሐር ሚካኤል ስናስተምር ያየነው ነገር አለ። እናቶች እግራቸው ሲቆስል ለሁሉም ያሳያሉ። ብልታቸው ሲቆስል ግን ለእህታቸውም አይነግሩም።

አንዲት ተማሪያችን አጥር ሲሻገሩ እንጨት ላይ ወድቀው ብልታቸው ቆሰለ። «ልጆቼ፣ ወረታ ብሄድ ወሬው ቀድሞኝ ይመጣል» አሉን። ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። «የሴት ሕመም ነው፤ ሴት ታክመኝ» ብቻ አሉ። ነርሷ በሩን ዘግታ አከመቻቸው። እኛ ውጭ ቆየን። የመድኃኒቱ ከረጢት ላይ «በቀን 2 ጊዜ» ተብሎ ተጽፏል። ድሮ ቢሆን የጎረቤት ልጅ ነበር የሚያነብላቸው። አሁን ራሳቸው አነበቡት። ምስጢሩም ከቤታቸው አልወጣም። ስማቸው ሳይጠራ ነገሩን ለሌሎች እንድንጽፍ ፈቅደውልናል።

ምስጢር መጠበቅ የሐኪም ግዴታ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሕመምተኛን ምስጢር ያለ ፈቃድ የሚያወጣ ባለሙያ እንዲቀጣ ያዛል።

ቁስሉን በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ቅጠልም ቅቤም አታድርጉበት። ደሙ ካልቆመ፣ ሽንት ከከለከለ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ አንድ ቀን እንኳ አትቆዩ።

እናቶች፣ እህቶች! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።