ብርጭቆውን ያሳለፍንበት ወንድም



ባለፈው ረመዳን ኢፍጣር ላይ ያጠፋነውን ጥፋት እዚህ ልንጽፈው ወሰንን። ከዶርማችን ልጆች አንዱ ከንፈሩ ላይ ምች ወጥቶበት ነበር። ውሃ የምንጠጣው አንድ ብርጭቆ እያዞርን ነው። ተራው ሲደርስ አንዳችን ብርጭቆውን እሱን ዘሎ ለቀጣዩ ሰጠ። ሌላችን «ሄርፒስ እኮ ነው!» አለ፤ ሁላችንም ሳቅን። ወንድማችን በተምር ብቻ አፍጥሮ ተነሳ። በማግስቱ አልመጣም፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም።

ነገሩን የሰማ አንድ የሕክምና ተማሪ ወንድም ቁጭ አድርጎ አስረዳን። እናቶቻችን በዳማከሴ የሚያክሙት የከንፈር ምች አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ነው። ብዙ ሰው የሚይዘው በልጅነቱ፣ ከቤተሰብ ስሞሽ ነው። ከዚያ ነርቭ ውስጥ ይተኛል፤ ትኩሳት፣ ፀሐይ ወይም ጭንቀት ሲመጣ ይነሳል። ከሳቅነው መካከልም ስንቶቻችን ተሸክመነው ይሆን?

እኛ የኢንጂነሪንግ ልጆች ስለሆንን አሠራሩን ጠየቅነው። ቫይረሱ ሴል ውስጥ እንደገባ መጀመሪያ ሥራውን የሚያዙ ፕሮቲኖችን ያሠራል፤ ቀጥሎ ዲኤንኤውን የሚያባዙ መሣሪያዎችን፤ ዲኤንኤው ሲባዛ ደግሞ ቅርፊቱንና ሽፋኑን። አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት የሚገባው መሃል ላይ ነው። ከዲኤንኤ ፊደላት አንዱን ይመስላል፤ ግን ቀጣዩ ፊደል የሚያያዝበት መንጠቆ የለውም። ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል። መድኃኒቱን የሚቀሰቅሰው የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ስለሆነ ጤነኛው ሴል ብዙም አይነካም። ሱብሓነላህ!

ዲኤንኤው ካልተባዛ የቅርፊቱ ፕሮቲኖች በጣም ያንሳሉ፤ ከመጨረሻዎቹ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ጭራሽ አይሠሩም፤ የሚታሸግ አዲስ ዲኤንኤም የለም። ስለዚህ አዲስ ቫይረስ ተገጣጥሞ አይወጣም። የመጀመሪያዎቹ ፕሮቲኖች ግን መመረታቸውን አያቆሙም። በላብራቶሪ የእነሱን አንቲጂን ብቻ የፈለገ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ነርቭ ውስጥ የተኛውንም መድኃኒቱ አይነካውም፤ እየተባዛ አይደለምና።

ይህን ስንሰማ የራሳችን ቃል ትዝ አለን። አንድ ጊዜ የተናገርነው ቀልድ በዚያው ሌሊት ሦስት ዶርም ደርሶ ነበር። ስለ ሐሜት ክብደት መድረሳ ውስጥ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ ስንስቅ ግን አንዳችንም አላስታወስነውም።

ሄደን ዐፍው ጠየቅነው። ቀልዱን ላወሩት ልጆችም «ጥፋቱ የኛ ነው፤ እዚህ ይቁም» አልናቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ወሬው ቆመ፤ እሱም ወደ ኢፍጣሩ ተመለሰ። አሁንም ግን ሲስቅ ከንፈሩን በእጁ ይሸፍናል። ያን ማስቆም አልቻልንም።

ቁስሉ እስኪድን ብርጭቆ አለመጋራት ትክክል ነው፤ ቫይረሱ በምራቅና በንክኪ ይተላለፋል። ጥፋታችን አንድን ወንድም ለይተን ማሳፈራችን ነው። አሁን ሁላችንም የየራሳችንን ብርጭቆ ይዘን እንመጣለን፤ ምች ያለበትም የሌለበትም። የሚመጣው ረመዳን ሳይደርስ እናንተም ዶርማችሁ ውስጥ ተነጋገሩበት።

አላህ ምላሳችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትንም ያሽርልን። አሚን።