የመጨረሻው ወንበር



የቤት መኪና ለሃያ ዓመት ነድቻለሁ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራኑን የምታመላልስበት ኮስተር ስታገኝ፣ ትምህርቱ የሚከብደኝ አልመሰለኝም። ያስተማሩኝ በመሪ ላይ ያረጁ አባት ነበሩ። "ፓስተር፣ ሲታጠፉ የኋላ ጎማው እርስዎን አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ሰፋ አድርገው ይግቡ፣ ስፖኪዮ ይመልከቱ" ይሉኝ ነበር። ከፊቴ ካለው መኪና እንድርቅ፣ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ሳይሆን በከባድ ማርሽ እንድይዝ አስለመዱኝ።

የሕዝብ መንጃ ፈቃዱን ካወጣሁ በኋላ መዘምራኑን ይዤ ከአዳሚ ቱሉ ወደ ሻሸመኔ ተነሣሁ። ቡልቡላ ላይ የአህያ ጋሪ ድንገት ሲገባ፣ ርቀት ጠብቄ ስለነበር በሰላም ቆምሁ። በራሴ ኮራሁ። ረፍዶብን ስለነበር ግን አርሲ ነጌሌ መግቢያ ላይ የፍጥነት መቀነሻውን ሳልቀንስ ዘለልሁት። እኔ ብዙም አልተሰማኝም።

ሻሸመኔ ስንደርስ መጨረሻ ወንበር ላይ የነበሩ አንዲት እናት ወገባቸውን ይዘው መውረድ አቃታቸው።

"እማማ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ተጣርቼ ነበር፣ ልጄ። አልሰማኸኝም።"

ቃላቸው ከመኪናው አልፎ ልቤን ነካኝ። በዚያው ዓመት ለሕንጻው ሥራ መዋጮ በመዋጮ ላይ ስደርብ፣ አንድ ቤተሰብ ቀስ በቀስ ከጉባኤው ቀርቶ ነበር። "ቀዘቀዙ" አልሁ እንጂ ቤታቸው ሄጄ አልጠየቅሁም።

በዘፍጥረት 33 ዔሳው አብረን እንጓዝ ሲል፣ ያዕቆብ ልጆቹ ገና ለጋ መሆናቸውንና የሚያጠቡትን እንስሳት አሰበ። አንድ ቀን ቢጣደፉ መንጋው እንደሚያልቅ ያውቃል። ስለዚህ በደካሞቹ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ ሊሄድ መረጠ። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኬዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

በሳምንቱ ወደዚያ ቤት ሄድሁ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ቡና አፈሉልኝ፤ እስካሁን ግን አልተመለሱም። አሁንም እሄዳለሁ።

በቅርቡ ሌላ ወንድም ሲነዳ እኔ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ከኋላው ጎማ አልፎ ስለሆነ፣ ሹፌሩ ሳይታወቀው የሚያልፈው ጉድጓድ እዚያ ያለውን ከወንበሩ ያነሣዋል።

ቤተሰብ የምትመሩ፣ አገልግሎት የያዛችሁ፣ ከኋላችሁ የተቀመጠው ማን ነው? ዛሬ ዞር ብላችሁ ጠይቁት። ጌታ ጆሯችንን ይክፈት።