የሚንቀጠቀጠው ማን ነው?

ሌንስ ሊገዛ የመጣ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስታቢላይዘር አለው?» ብሎ ነው። «አለው» ከተባለ ዋጋ መከራከሩን ይረሳል፤ «የለውም» ከተባለ ዕቃውን መልሶ ያስቀምጠዋል። ምን ሊያነሳበት እንዳሰበ ግን ሻጩም አይጠይቀው፣ እሱም አይናገር።

*

ስታቢላይዘር የሚያውቀው ካሜራ የያዘውን እጅ ብቻ ነው። ሌንሱ ውስጥ ያሉት ጋይሮዎች ካሜራው ወዴት እንደተነቃነቀ ይለያሉ፤ አንድ የመስታወት ክፍል ወደ ተቃራኒው ይሄዳል፤ ምስሉ ባለበት ይረጋል። ከፊት ያለው ሰው ቢሮጥ፣ ቢዘል ጉዳዩ አይደለም።

*

የሰርግ አዳራሽ፣ ማታ። ሙሽራዋ ሚዜዎቹ መሀል ገብታ ትከሻዋን ትሰብቃለች። መብራቱ ለዓይን ይበቃል፣ ለካሜራ አይበቃም። ባለ 18-55 ሌንስ የያዘው ልጅ እስከ 55 ስቦ፣ በኤፍ 5.6፣ በ1/25 ሰከንድ ያነሳል። ስታቢላይዘሩ ሥራውን በደንብ ሠርቷል፦ ከኋላ ያለው መጋረጃ እጥፋቱ ሳይቀር ይታያል፣ የዲኮሩ አበባ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሙሽራዋ ግን ከአንገቷ በታች ጭስ ናት። ጥርት ያለ መጋረጃ ደግሞ አልበም ውስጥ የሚያስገባ የለም።

እዚያው ቦታ ላይ ስታቢላይዘር የሌላት ርካሿ 50 ሚሊሜትር፣ በኤፍ 1.8፣ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ታስገባለች። 1/25 የነበረው 1/250 ይሆናል ማለት ነው። ትከሻ የሚያዘው ያን ጊዜ ነው። (የሰርግ ልጆች ይህን አጥተውት አይደለም፤ ቪዲዮውንም ስለሚዋዋሉ ዙሙን አይለቁትም። በቪዲዮው ልክ ናቸው፤ በእጅ የተያዘ ቪዲዮ ያለ ስታቢላይዘር ተመልካቹን ራሱን ያዞረዋል።)

*

የከተራ ሌሊት፣ ጃን ሜዳ። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጧፍ ይዛ የቆመች እናት አለች። ፍላሽ ቢተኩሱባት ፊቷ ላይ ያረፈው የጧፍ ብርሃን ይጠፋል፤ ነውርም ነው። ትራይፖድ ለመትከል ሕዝቡ ቦታ አይሰጥም። እሷ አትንቀሳቀስም፤ የሚንቀጠቀጠው የአንሺው እጅ ብቻ ነው። ስታቢላይዘር ገንዘቡን የሚመልሰው እዚህ ነው። ካህናቱ ወረብ ሲጀምሩ መቋሚያውና ጽናጽሉ ብዥ ይላል፤ ያ ግን ለኔ ጉድለት አይደለም፣ ዜማው እንደ መታየት ነው።

*

የድሮ አንሺዎች ሕግ፦ በ200 ሚሊሜትር ስታነሳ ከ1/200 አትውረድ። ባለ ሦስት ስቶፕ ስታቢላይዘር ይህን ሦስት ጊዜ በእጥፍ አዘግይቶ እስከ 1/25 ያወርደዋል። አምራቾች አሁን አምስትና ከዚያም በላይ ይጽፋሉ። የተለካው በላብራቶሪ ነው። በሁዳዴ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ባለ እጅ አልተለካም።

*

ካነን እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያውን ባለ ስታቢላይዘር ተቀያያሪ ሌንስ ሲያወጣ 75-300ን መረጠ። ከሰፊው ሌንስ አልጀመረም፤ በሽታው የሚብሰው የት እንደሆነ ያውቃል። በ24 ሚሊሜትር ቀን ላይ ሕንፃ የሚያነሳ ሰው ለስታቢላይዘር የሚከፍለው ጭማሪ በከንቱ ነው እላለሁ።

*

የዚሁ ኩባንያ 70-200 ኤፍ 4 መጀመሪያ ያለ ስታቢላይዘር ወጣ፤ ክብደቱ 705 ግራም። እ.ኤ.አ. በ2006 ባለ ስታቢላይዘሩ መጣ፤ 760 ግራም። ሌላም ማሻሻያ ነበረው፣ ዋጋው ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ። ለሃምሳ አምስት ግራም!

ያን ጊዜ በተቀራራቢ ዋጋ ኤፍ 2.8 የሆነው፣ ስታቢላይዘር የሌለው ሌላው 70-200 ይገኝ ነበር፤ 1,310 ግራም የሚመዝን። ኳስና ሩጫ የሚያነሳ እሱን ይግዛ፤ ተራራ የሚወጣ ቀለል ያለውን።

*

ባሌ፣ ሳነቴ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ። ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮውን ቀስሮ ቆሟል። ከመኪናው መስኮት ረጅም ሌንስ ይወጣል፤ ሾፌሩ ሞተር አላጠፋም። «ወንድሜ፣ እስኪ አጥፋው» ማለት ነጻ ነው፤ ብዙ ሺህ ብር ከወጣበት ስታቢላይዘር ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜም አለ።

*

አሁን ስታቢላይዘሩ ካሜራው ውስጥም ገብቷል። ሚኖልታ እ.ኤ.አ. በ2003 ሴንሰሩን ራሱን የሚያንቀሳቅስ ካሜራ ሸጧል። እንዲህ ያለ ካሜራ ያለው ሰው ለ35 ወይም ለ50 ሌንስ ሁለተኛ መክፈል አያስፈልገውም። በ300 ግን ሴንሰሩ ብዙ መንገድ መሄድ ስላለበት ቶሎ አቅሙ ያልቃል፤ እዚያ የሌንሱ ይሻላል።

*

ያገለገለ ሌንስ ስትገዛ ካሜራው ላይ ግጠመው፣ እስከ መጨረሻ ሳብ፣ ቁልፉን በግማሽ ተጫን። በመመልከቻው ውስጥ ሲርገበገብ የነበረው ምስል ቀጥ ማለት አለበት። ጆሮህን ስታስጠጋ ቀጭን እዝዝታ ብትሰማ አትደንግጥ፣ ጤንነቱ ነው፤ ምስሉ ወደ አንድ ጎን ከዘለለ ግን ታሟል። ሻጩ «ባትሪዬ አልቋል» ካለህ የራስህን ባትሪ ይዘህ ነገ ተመለስ።