የዚያ ክረምት «ሲኢኦ»ዎች

በ2016 ክረምት፣ ዳምቦያ ላይ ዝናቡ አላስወጣ ሲለን፣ ከአንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጥ ነበር። ሃምስተር ኮምባት የሚባለውን የስልክ ጨዋታ ከፍተን፣ አንዱ የዕለቱን ሳይፈር (ምስጢራዊ ኮድ) ጮክ ብሎ ያነባል፦ «አጭር፣ ረጅም፣ አጭር...» የስድስት ሰው አውራ ጣት አብሮ ይነካል፣ አብሮ ይጫናል። የሞርስ ኮድ መሆኑን ያወቅነው ቆይተን ነው። ቀጥሎ ኮምቦ፣ የዕለቱ ሦስት ካርዶች፣ ይፈለጋል። ሦስተኛውን ካርድ ያገኘ ለብቻው አይዝም፤ የጨዋታዋ 5 ሚሊዮን ሳንቲም ለሁላችንም ትድረስ ብሎ ይናገራል።

ነገሩ የተጀመረው ኖትኮይን በሚባል ተመሳሳይ ጨዋታ ነበር። ሳንቲሙ ግንቦት 8 ገበያ ላይ ሲውል፣ ለጨዋታ ብለው ስክሪን ሲነካኩ የከረሙ ሰዎች ገንዘብ አገኙ። ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ ሃምስተር ኮምባትን ያልከፈተ ስልክ አልቀረም። ከዚያ በኋላ በአማርኛችንም በከምባትኛችንም መሃል ታፕ፣ ኤርድሮፕ (ለተጫዋቾች የሚታደል ሳንቲም)፣ ሊስቲንግ (ገበያ ላይ መዋል)፣ ዋሌት (የሳንቲም ቦርሳ) ገቡ። «ቶሎ አትሽጥ፣ ሆልድ አድርግ» ብለን እንመካከር ነበር፤ ገና የሚሸጥ ነገር ሳይኖረን። በአውሮፓውያኑ 2013 አንድ የቢትኮይን ባለቤት ፊደል አዛብቶ የጻፋት «ሆድል» የዓለም መፈክር ሆና ነበር፤ እኛ ግን አቃንተን «ሆልድ» አልናት።

ከሁሉም የምወደው ቃል «ሲኢኦ» ነበር። ጨዋታው እያንዳንዱን ተጫዋች የአንድ የክሪፕቶ መገበያያ ኃላፊ አድርጎ ይሾማል። ዲግሪውን ይዞ ሦስት ዓመት ሥራ የፈለገ ጓደኛችን ብቅ ሲል፣ «ሲኢኦ፣ ና ተቀመጥ» ብለን ቦታ እንለቅለታለን። እሱም ቀና ብሎ ይቀመጣል። ያንን ቀና ማለቱን አልረሳውም።

በእኛ አገር የወጣት ተስፋ ለረጅም ጊዜ ደቡብ አፍሪካ የሚባል መንገድ ነበር። የመንገዱ ቃላት ደላላ፣ ድንበር፣ ጫካ ናቸው፤ እናቶች ሲሰሟቸው ፊታቸው ይለወጣል። ኤርድሮፕ ግን ቤት ተቀምጦ የሚጠበቅ ተስፋ ነበር። እናቴ ቃሉን ባታውቀውም አላስፈራትም። ሐምሌ 22 ብር በገበያ ይተመን ተብሎ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ሲዘል፣ የምንጠብቀውን ዶላር ሒሳብ በብር እንደገና ሠራን።

የሃምስተሩ ሳንቲም ገበያ ላይ የሚውልበት ቀን መስከረም 16፣ 2017 ሆነ። የደመራ ዕለት! ከምባታ ለመሳላ፣ ለመስቀል በዓል፣ የሚሰበሰብበት፣ በሬው በቅርጫ የሚታረድበት፣ ቆጮው የሚዘጋጅበት ሰሞን ነው። በዓለም ዙሪያ 131 ሚሊዮን ተጫዋቾች ድርሻ ነበራቸው፤ የአንዷ ዲጂታል ሳንቲም ዋጋ ግን ወደ አንድ የአሜሪካ ሴንት ነበርና ለብዙዎች የደረሰው ጥቂት ዶላር ነው። በዚያ ምሽት እሳቱ ዙሪያ ስለ ስልክ ያወራ አልነበረም። ሥጋውን አብረን በላን።

በሳምንታት ውስጥ ቃላቱ ከአፋችን ጠፉ። በረንዳው አሁንም አለ፤ ሳይፈሩን ያነብልን የነበረው ጓደኛዬ ግን ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። በእነዚያ ዓመታት ሥራ ፈት፣ ቦዘኔ፣ የቤተሰብ ሸክም ተብለናል። በክብር የተጠራንበት ስም «ሲኢኦ» ብቻ ነበር፤ የሰጠነውም እርስ በርሳችን ነው። ያ ጓደኛዬ ማታ ማታ ሲደውል ገና ሳልናገር «ሲኢኦ፣ እንዴት ነህ?» ይለኛል። እኔም በዚያው ስም እመልስለታለሁ።