ክንፏ የተሰበረ ዳክዬ በሰመራ ሀሩር

ሰመራና ሎጊያ ላይ በግንቦትና በሰኔ የቀትሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፉ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ሰው ጥላ ፍለጋ ይሄዳል፤ ፍየሉም ከግድግዳ ሥር ይለጠፋል። ግቢ ውስጥ የምታድግ ዳክዬ ውሻ ነክሷት ክንፏ ተንጠልጥሎ ከተገኘች ግን ከቁስሉ ቀድሞ ሊገድላት የሚችለው ይኸው ሀሩር ነው። ዳክዬ አያልባትም። የጤነኛዋ ዳክዬ የሰውነት ሙቀት ራሱ 41 እና 42 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ወደዚያ በተጠጋ ቁጥር ሙቀቷን የምታወጣበት መንገድ እየጠበበ ይሄድና አፏን ከፍታ ማለክለክ ይቀራታል። ደም የፈሰሳትና የደነገጠች ወፍ ለዚያም አቅም ያጥራታል።

ከመድኃኒት በፊት ጥላ የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ጎኑ የተበሳሳ ካርቶን፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ፣ ልጆችና ሌሎች ዳክዬዎች የማይደርሱበት ጸጥ ያለ ጥግ ይበቃል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስላላት ሌሊቱ ትንሽ ፋታ ይሰጣል። ከ500 ሜትር በታች ያለችው ሰመራ ግን በሌሊትም ትወብቃለች። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ሲጋግል፣ አፋሮች ጎበጥ ባለ እንጨት ላይ ሰሌን አልብሰው የሚሠሩት ባህላዊ ቤት ነፋስ ያሳልፋል። እንዲህ ያለ ጎጆ በቅርብ ካለ ለታማሚዋ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

ቀጥሎ ውሃ ነው። ብዙ ሰው በደግነት የሚያጠፋውም እዚህ ላይ ነው፤ ምንቃሯን ከፍቶ በማንኪያ ያንቆረቁርላታል። የዳክዬ የአየር ቧንቧ አፍ ከምላሷ ሥር ወዲያው ስለሚገኝ የተንቆረቆረው ውሃ በቀላሉ ወደ ሳንባዋ ይገባል። የሚሻለው አፍንጫዋን መንከር የምትችልበት ጎድጎድ ያለ ዕቃ ከፊቷ አስቀምጦ ራሷ እንድትጠጣ መተው ነው። ዳክዬ አፍንጫዋንና ዓይኗን የምታጥበው ራሷን ውሃ ውስጥ እየነከረች በመሆኑ ዝርግ ሳህን አይበቃትም። ለሰው ተቅማጥ የሚሰጠው ኦአርኤስ እንደ መመሪያው ተበጥብጦ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢቀርብላት ይጠቅማታል።

ቁስሉን ለማየት ላባውን በጣት መግለጥ ያስፈልጋል። የውሻና የድመት ጥርስ ከላይ ትንሽ ነጥብ ብቻ ይተውና ከሥር ጠልቆ ይገባል። በተለይ የድመት ንክሻ ወፍን በአጭር ጊዜ የሚመርዝ ባክቴሪያ ስለሚያስገባ፣ ቀዳዳው መርፌ የወጋው ቢመስል እንኳ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ይገባል። ለማጠቢያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት በቂ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ደግሞ ዝንብ አለ። በዚያ ሙቀት ዝንብ የጣለችው እንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናልና ቁስሉን ጠዋትና ማታ ማየት ግድ ነው፤ ካርቶኑም በስስ ሻሽ ቢሸፈን ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

የተሰበረ ክንፍ ሌላ ጥንቃቄ አለው። ክንፉ በተፈጥሮው በሚታጠፍበት መልክ ከጎኗ ጋር ገጥሞ በፋሻ ይያዛል። ፕላስተር ላባ ላይ ከተለጠፈ ሲነሳ ላባውን ይዞት ይመጣል። ወፍ እንደ ሰው ሆድና ደረትን የሚለይ፣ አየር የሚስብ ጡንቻ የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ነው። ፋሻው ደረቷን አጥብቆ ከያዘ አጥንቱን እናድናለን ብለው ያሰሯት ሰዎች ትንፋሿን ይዘጉባታል። ጣት በፋሻውና በደረቷ መካከል ያለችግር መግባት አለበት። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ግን ነገሩ ከቤት አቅም በላይ ነው። የላይኛው የክንፍ አጥንት ውስጡ ክፍት ሆኖ ከአየር ከረጢቶቿ ጋር ስለሚገናኝ እዚያ ላይ የፈሰሰ ማጠቢያ ወደ መተንፈሻዋ ሊደርስ ይችላል። የሚያስደስተው የወፍ አጥንት ቶሎ መግጠሙ ነው፤ ሦስት ሳምንት አካባቢ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ታስሮ ከቆየ መገጣጠሚያው ይደርቃል።

የእንስሳት ሐኪም ፍለጋ ለሚወጣ ሰው ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። የአካባቢው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ግመል፣ ከብትና ፍየል ነው፤ ሆኖም ቁስል ማጠብና የመድኃኒት መጠን ማስላት የሚያውቅ እጅ ለዳክዬም ይጠቅማል። ደግሞም አፋር የታመመ እንስሳን ባለበት ቦታ በማከም ዓለም የተማረበት ታሪክ አለው።

ታሪኩ የደስታ በሽታ ነው። በምኒልክ ዘመን የአገሪቱን ከብት ጠርጎ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ያመጣው ይህ በሽታ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶም ከአፋር አልወጣም ነበር። ክትባት ነበረ፤ ግን ፍሪጅ ይፈልጋል፣ አርብቶ አደሩ ደግሞ መኪና በማይደርስበት ይንቀሳቀሳል። ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ሲገኝ ሥራው ከብቱን ከሚያውቁት ከራሳቸው ከአፋሮች እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሠልጥነው የወጡ 20 የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች 73,000 ከብቶችን ከተቡ፤ የክትባታቸው ውጤታማነትም 83 በመቶ ደረሰ። ከኅዳር 1995 በኋላ በአፋር በሽታው አልታየም። በ2011 ደግሞ ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። አንድ ዳክዬ የምታስታምም የሎጊያ እናት ያን ያህል ሥራ አልያዘችም፤ የምትሄደው ግን በዚያው መንገድ ነው፤ አጠገቡ ያለ፣ እንስሳውን በየቀኑ የሚያይና አስፈላጊውን ነገር በትክክል የተማረ ሰው ያክማል።

በትክክል መማሩ ሊሰመርበት ይገባል፤ የቤት መድኃኒት ሳጥን ለወፍ አደገኛ ነውና። ለሰው ራስ ምታት የሚሰጥ ኪኒን ያለሐኪም ትእዛዝ ለዳክዬ አይሰጥም። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል ጥንብ አንሳዎች በ1990ዎቹ በጅምላ ሲያልቁ ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም ነበር። በ2004 የወጣ ጥናት ከብት የታከመበት ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ መሆኑን አረጋገጠ፤ መድኃኒቱ ያለበትን ጥንብ የበላው ወፍ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። ይህ ለአፋር የሩቅ ወሬ አይደለም። ፊቱ ቢጫ የሆነው የግብፅ ጥንብ አንሳ ከባልካንና ከቱርክ ሳይቀር እየመጣ በክረምታቸው ወራት በዚሁ ሸለቆ በብዛት ያርፋል። ለፍየል የተወጋው መድኃኒትም እስከ እሱ ሊደርስ ይችላል።

የተጎዳችው ዳክዬ የዱር ከሆነች ጥንቃቄው ይለወጣል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አቤ ሐይቅ ላይ ሲያበቃ፣ በመንገዱ ያሉት ሐይቆችና ረግረጎች ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎችን ያሳርፋሉ። የዱር ዳክዬ የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ተሸክማ ምንም ምልክት ላታሳይ ትችላለች። ስለዚህ ከግቢ ዶሮና ዳክዬ ጋር አትቀላቀልም፤ የነካት እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ከተገኘች ለፓርኩ ሠራተኞች መንገር ይቀድማል።

የግቢዋ ዳክዬ እያገገመች ስትመጣ ምግቧ ይታሰብ። ዳቦ ሆዷን ከመሙላት በቀር አይረባትም፤ የተከካ በቆሎ፣ ስንዴና ተከትፎ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ሰላጣ ይሻላታል። ዳክዬ ከዶሮ የበለጠ ናያሲን የተባለውን ቫይታሚን ትፈልጋለች። የዶሮ መኖ ብቻ የምትበላ ከሆነ ጥቂት የቢራ እርሾ ቢጨመርበት እግሯ ይጠናል። የሰመራ መሬት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ያ ሻካራና የጋለ ድንጋይ የውስጥ እግሯን ይልጠውና መግል ያስቋጥራልና ከጆንያ ወይም ከገለባ ላይ እንድትቆም ማድረግ ያስፈልጋል።

ቁስሉ እስኪዘጋ መዋኘት የለም። ከዚያም በኋላ በቀጥታ ወደ ኩሬ አትለቀቅም። ስትታመም ላባዋን ከጭራዋ ሥር ባለው ቅባት መቀባት ትታ ስለነበር ላባዋ ውሃ ይመጥና ሊያሰምጣት ይችላል። ብዙ ውሃ ባልሞላ ሳፋ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ፣ መውጫ ድንጋይ ተደርጎላት፣ ፀሐይ ሲበርድ መጀመር ይሻላል። ውሃው ከጀርባዋ እየተንከባለለ መውረድ ሲጀምር ከጓደኞቿ ጋር በሽቦ ወንፊት ተለያይተው እንዲተያዩ ይደረጋል። ደካማ የመሰለቻቸውን ይነክሳሉና አጥሩ የሚነሳው ተላምደው መናከሱን ሲተዉ ነው።